ሥራውና ሠሪው፤ ስለ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ስለ ተርነር

ሰዎች ስለ አንድ ትልቅ ሰው ሲፈርዱ በሁለት መንገድ ይሳሳታሉ። አንደኞቹ ሥራው ስለ ደነቃቸው ነውሩን ሁሉ ይሸፍኑለታል፤ ነውሩን የሚያነሣውንም ሰው እንደ ምቀኛ ያዩታል። ሁለተኞቹ ደግሞ አንድ ነውር ያገኙበት ዕለት ሥራውን ሁሉ ከነውሩ ጋራ ጠቅልለው ይጥሉታል። አንደኞቹ ዐይናቸውን ጨፍነው ያመሰግናሉ፤ ሁለተኞቹ ዐይናቸውን ጨፍነው ይኰንናሉ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ዐይን መጨፈናቸው ነው።

እኔ የዕድሜዬን ብዙውን ክፍል በማስተማር የፈጸምሁ ሰው ነኝ። ሁለቱንም ዐይነት ፍርድ ከወጣቶች አፍ አዘውትሬ ሰምቻለሁ። ነገሩ በባዶ ምክር ብቻ የሚገባ ስላልሆነ፥ አንድ ሰው ይዤ፥ ሥራውን በአንድ ወገን ኑሮውን በሌላ ወገን አድርጌ፥ ወጣት አንባቢዎቼ ራሳቸው እንዲመዝኑት ላቀርበው አሰብሁ። የመረጥሁትም የመልክዐ ምድርና የባሕር ሠዓሊ የነበረውን እንግሊዛዊውን ጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነርን ነው። የመረጥሁት ሥራው ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ያወጣው ገንዘብና አንድ ጊዜ የሣለው ሥዕል እንደ ከሳሽና እንደ ተከሳሽ ፊት ለፊት የሚቆሙበት ሰው ስለ ሆነ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ተርነር በ1775 በለንደን ከተማ ኮቨንት ጋርደን በሚባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ባለጠጋም ባላባትም አልነበረም። ሰፈሩ ከቴምዝ ወንዝ ስለማይርቅ፥ ልጁ መርከብና ጀልባ፥ ሸራና ገመድ፥ ጭጋግና የወንዝ ውሃ እያየ አደገ። ገና በልጅነቱ የሣላቸውን ሥዕሎች አባቱ በፀጉር ቤቱ መስኮት ላይ እየሰቀለ በጥቂት ሽልንግ ይሸጥለት ነበር። በ1789፥ በ14 ዓመቱ፥ ወደ ንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ትምህርት ቤት ገባ። በማግሥቱ ዓመት በውሃ ቀለም የሠራው ሥዕል በአካዳሚው ትርኢት ላይ ከታላላቆቹ ሥራ ጋራ ተሰቀለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። ብዙ ወጣቶች ተሰጥዎ የሚባለው ነገር እንደ ዝናም ከሰማይ የሚወርድ ይመስላቸዋል። ተርነር ተሰጥዎ ነበረው፤ ነገር ግን የሚበልጠው ድካሙ ነበር። ገና ጐረምሳ ሳለ ቶማስ ሞንሮ በሚባል ሐኪም ቤት ማታ ማታ እየሄደ፥ ቶማስ ገርቲን ከሚባል የዕድሜ ጓደኛው ጋራ የሌሎችን ሠዓሊዎች ሥራ እየቀዳ ያድር ነበር። ገርቲን መሥመሩን ይነድፋል፤ ተርነር ቀለሙን ይቀባል። ዋጋቸውም ጥቂት ገንዘብና ራት ነበር። ይህ የሰው ሥራ መቅዳት የሚያሳፍር ቢመስልም እጁን ያሠለጠነለት እርሱ ነው። ዛሬ ገና እርሳስ ሳይቀርጹ የራሳቸውን አዲስ መንገድ ለማውጣት የሚቸኵሉ ልጆች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

በጋ በሆነ ቍጥር መንገድ ይጀምራል። ዌልስን፥ ዮርክሺርን፥ ስኮትላንድን አብዛኛውን በእግሩ ዞረ። በ1802 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ለጥቂት ጊዜ ሰላም በሆነ ጊዜ፥ ባሕሩን ተሻግሮ እስከ ስዊስ ተራሮች ደረሰ። በ1819 ወደ ኢጣልያ ሄደ። በሄደበት ሁሉ ትንሽ ደብተር በኪሱ ይይዛል፤ ሲሞት ከተገኙት ንብረቶቹ መካከል ሦስት መቶ ያህል እንዲህ ያሉ ደብተሮች ነበሩ። የደመናን ቅርጽ፥ የድንጋይን ስንጥቅ፥ የመርከብን ገመድ አተሳሰር ሳይንቅ ይጽፍ ነበር። በ1810 በወዳጁ በዋልተር ፎክስ ቤት በዮርክሺር ሳለ ትልቅ ነጐድጓድ መጣ። የወዳጁ ልጅ እንደ ተረከው፥ ተርነር ከደጅ ቆሞ ማዕበሉን በአንድ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ነደፈና፥ ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን በሌላ መልክ ታየዋለህ አለው። በ1812 ሐኒባል የሚባለው የካርታጎ ጦር አለቃ ሠራዊቱን ይዞ የአልፕስን ተራራ ሲሻገር የሚያሳየው ሥዕል ወጣ። በላዩ የተንጠለጠለው ጥቍር ሰማይ የዮርክሺሩ ሰማይ ነበር። በሥዕሉ ውስጥ ትልቁ የጦር አለቃ ለመታየት እንኳ ያስቸግራል፤ ትልቁ ማዕበሉ ነው። ሰው በፍጥረት ፊት ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ስብከት አላውቅም።

የመጀመሪያውን የዘይት ቀለም ሥዕሉን ያሳየው በ1796 ነው። ሌሊት በባሕር ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከላይ ጨረቃ ከደመና መካከል ወጥታ ማዕበሉን ታበራለች፤ ከታች በጀልባዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋኖስ ታበራለች። የጨረቃዋ ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፤ የፋኖሷ ሞቅ ያለ ነው። ባሕር ያላያችሁ ልጆች እንኳ፥ በጨለማ መንገድ ላይ ሆናችሁ ከሩቅ የሰው ቤት መብራት ያያችሁበት ሌሊት ካለ፥ ይህ ሥዕል ይገባችኋል። የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ይህን በመሥራቱ አካዳሚው በ1799 ተባባሪ አባል፥ በ1802 ሙሉ አባል አደረገው። በ1807 ደግሞ የርቀት አነዳደፍ መምህር ሆኖ ተሾመ። ንግግሩ የተጐተተና የማይሰማ ስለ ነበር አድማጮቹ ይቸገሩ ነበር፤ ለማስረዳት የሚያመጣቸው ንድፎች ግን እጅግ ያማሩ ነበሩ። አንደበት ያልሰጠውን እጅ ሰጠው።

አሁን ወደ ሥራው ሒስ ልግባ። ስለ ተርነር ሲነገር ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ተዋጊዋ ቴሜሬር የተባለው የ1839 ሥዕል ነው። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፥ በቤተ መጻሕፍት በነበረ መጽሐፍ ውስጥ ታትሞ መጀመሪያ ያየሁት የእርሱ ሥራ ይኸው ነበር። ቴሜሬር 98 መድፍ የምትይዝ የጦር መርከብ ነበረች፤ በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት ላይ የአድሚራል ኔልሰን መርከብ ቪክቶሪ በተጨነቀች ጊዜ ደርሳ ረድታታለች። በ1838 ግን አርጅታ ለመርከብ ፈራሽ ተሸጠችና እንድትሰባበር በቴምዝ ወንዝ ላይ ተጐትታ ተወሰደች። በሥዕሉ ላይ አንዲት ጥቍር፥ አጭር፥ እሳትና ጭስ የምትተፋ የእንፋሎት ጀልባ ትጐትታታለች፤ አሮጊቷ መርከብ ግን እንደ መንፈስ ነጭና ረጅም ሆና ከኋላ ትከተላለች። በቀኝ በኩል ፀሐይ ትጠልቃለች።

እውነተኛውን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች በዚህ ሥዕል ላይ ነቀፋ አላቸው። መርከቧን የጐተቷት ሁለት ጀልባዎች እንጂ አንዲት አልነበረችም። ምሰሶዋና ሸራዋም አስቀድሞ ተነቅሎ ስለ ነበር፥ በዚያ ቀን የታየችው ባዶ ቅርፊት ነበረች። እንግዲህ ሠዓሊው ዋሸ እንበልን? እኔ አልልም። ውሸት ማለት ሰውን አታልሎ ጥቅም ለማግኘት ወይም ከቅጣት ለማምለጥ የሚደረግ ነገር ነው። ሠዓሊው ግን የአንዲትን ዕለት ወሬ ሊነግረን አልተነሣም፤ አንድ ዘመን ሲያልፍ ምን እንደሚመስል ሊያሳየን ነው የተነሣው። ለቀብር የሚወሰደውን ጀግና ልብሱን አልብሶ ሸኘው እንጂ ገፍፎ አላሳየንም። ደግሞ ጀልባዋን ልብ በሉ፤ አስቀያሚ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም። ሥራዋን ትሠራለች፤ ውሃውን የምትሰነጥቀው እርሷ ናት። ተርነር ለአሮጌው አለቀሰ እንጂ አዲሱን አልረገመም። በ1844 ደግሞ በዝናም ውስጥ በድልድይ ላይ የሚበር ባቡር ሥሎ አዲሱን ዘመን ራሱ ተቀበለው። ቴሜሬርን የሚገዙ ሰዎች ቢመጡም ሊሸጣት እንቢ አለ።

ነገር ግን አንድ ሰው ትክክል የሠራበትን ብቻ ብናይ ሒስ አይባልም። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 የትራፋልጋርን ጦርነት እንዲሥል አዘዙት፤ በ1824 ጨረሰ። ከሠራቸው ሁሉ በስፋቱ የሚበልጠው ይኸ ነው። በዚያ ላይ በተለያየ ሰዓት የሆነውን ነገር ሁሉ በአንድ ቅጽበት አጭቆ ስላሳየ፥ በጦርነቱ የነበሩ የባሕር ሰዎች ተቈጡ፤ ሥዕሉም በ1829 ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ለግሪንዊች ሆስፒታል ተሰጠ። በቴሜሬር ላይ ያመሰገንሁትን ነጻነት እዚህ ለምን እነቅፋለሁ? ምክንያቱ ይህ ነው፤ በቴሜሬር የተለወጠው ነገር ሁሉ አንድ ሐሳብ ያገለግላል፤ በትራፋልጋር ግን የተጨመረው ነገር ሁሉ እርስ በርሱ ይጋፋል። ነጻነት በራሱ ምስጋናም ነቀፋም አይደለም፤ የሚመዘነው በሚያገለግለው ነገር ነው።

በ1842 ያሳየው የበረዶ ማዕበል ደግሞ ሌላ ክርክር አስነሣ። አንዲት የእንፋሎት መርከብ በወደብ አፍ ላይ ከማዕበል ጋራ ትታገላለች። በሥዕሉ ላይ ሰማይ የቱ፥ ባሕር የቱ፥ ጭስ የቱ እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል፤ ሁሉም እንደ አዙሪት ይሽከረከራል፤ በመካከሉ ብቻ የመርከቧ ብርሃን ይታያል። ተቺዎች የሳሙና ዐረፋና ኖራ ነው ብለው አፌዙበት። ሠዓሊው እጅግ አዘነ። መርከበኞች በምሰሶ ላይ አስረውኝ አራት ሰዓት ማዕበሉን ተመለከትሁ ብሎም ተናገረ ይባላል። ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 67 ስለ ነበርና የጠቀሳት መርከብም ከዚያ ወደብ ስለ መነሣቷ ማስረጃ ስላልተገኘ፥ ብዙ ተመራማሪዎች ነገሩን ይጠራጠራሉ። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ገመዱ አይደለም። በገመድ ታስሮም ይሁን ሳይታሰር፥ አምሳ ዓመት ሙሉ ባሕር ሲመለከት የኖረ ዐይን ብቻ ነው ይህን ሊሥል የሚችል። በባሕር ዳር የቆመ ሰው ማዕበልን ከሩቅ እንደ ግድግዳ ያያል፤ ተርነር ተመልካቹን በመርከቡ ላይ አስቆመው። በዘመኑ ያፌዙበት ሰዎች ስማቸው ጠፋ፤ ሥዕሉ ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ሥዕል ደረስን። በ1840 በአካዳሚው ትርኢት ላይ የባሪያ መርከብ እየተባለ የሚጠራውን ሥዕል ሰቀለ። ሙሉ ስሙ ባሪያ ነጋዴዎች የሞቱትንና የሚሞቱትን ወደ ባሕር ሲጥሉ ብሎ ይጀምራል። ብዙ ሊቃውንት ከዞንግ መርከብ ታሪክ ጋራ ያያይዙታል። በ1781 ዞንግ የምትባል የእንግሊዝ ባሪያ ጫኝ መርከብ አለቃና መርከበኞች 130 ያህል አፍሪካውያንን ከነሕይወታቸው ወደ ባሕር ጣሉ። ውሃ አነሰን አሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር፤ በመርከብ ውስጥ በሕመም የሞተ ሰው ለነጋዴው ኪሳራ ነው፤ ለመርከቢቱ ደኅንነት ሲባል የተጣለ ዕቃ ግን በመድን ገንዘቡ ይከፈላል። ለአንድ ነፍስ 30 ፓውንድ ተጠየቀ። በ1783 ነገሩ ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የደረሰው ግን እንደ ነፍስ ግድያ ሳይሆን እንደ ገንዘብ ክርክር ነው። ስለ ግድያው የተከሰሰ አንድ ሰው አልነበረም። ይህን ወሬ ይዞ ባርነትን ይቃወም ወደ ነበረው ወደ ግራንቪል ሻርፕ የሄደው ከባርነት ነጻ የወጣው አፍሪካዊ ኦላውዳ ኢኪያኖ ነው።

ሥዕሉን ስታዩ መጀመሪያ የሚታያችሁ የፀሐይ መጥለቅ ነው። ሰማዩ ደምና ወርቅ ይመስላል። ባሕሩ እንደ ቀለጠ ብረት ነው። አምሮ ስታዩት ትቈዩና፥ ወደ ታች ስትወርዱ በቀኝ በኩል ከውሃው የወጣ የሰው እግር ታያላችሁ፤ በእግሩ ላይ ሰንሰለት አለ። ከዚያም የተዘረጉ እጆች፥ የሚሻሙ ዓሦች ይታያሉ። መርከቢቱ ደግሞ ከሩቅ ወደ ማዕበሉ ትገባለች። ብዙ ሰዎች ይህን ያህል ውበት ለዚህ ያህል ጭካኔ ማልበስ ነውር ነው ይላሉ። እኔ እንዲህ አላይም። ሠዓሊው በውበቱ ጠርቶ በእግሩ ያዘን፤ አምሮናል ብለን የቆምንበትን ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለወጠው። የዞንግ ጊዜ የለንደን ሰው በስኳሩ ጣፋጭነት ተደስቶ ስኳሩ ከየት እንደ መጣ አልጠየቀም ነበርና፥ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋራ ይመሳሰላል።

የተርነር ትልቁ አወዳሽ ጆን ረስኪን በ1843 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ሥዕል ከሠዓሊው ሥራ ሁሉ በላይ አደረገው። ነገር ግን ገጹን የሞላው ስለ ባሕሩ ቀለም ነበር፤ መርከቢቱ የባሪያ መርከብ መሆኗን የጻፈው በግርጌ ማስታወሻ ነው። ሥዕሉን አባቱ በ1844 ገዝቶ ሰጠው፤ በኋላ ግን ጕዳዩ ስለ ከበደው ከቤቱ አወጣው። ዛሬ በአሜሪካ በቦስተን ሙዚየም ይገኛል። ወጣቶች፥ የሰው ልጆች ሞት በግርጌ ማስታወሻ የሚጻፍበትን ሒስ ተጠንቀቁ። ቀለም ማወቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰንሰለቱን ያላየ ሰው ቀለሙንም አላየም።

ይሁንና በሥዕሉ ላይ የራሴ ነቀፋ አለኝ። ለፀሐይ ፊት ሰጣት፤ ለማዕበሉ ቍጣ ሰጠው፤ ለተጣሉት ሰዎች ግን እጅና እግር እንጂ ፊት አልሰጣቸውም። የሚያሳዝኑ ሆኑ እንጂ ሰዎች ሆነው አልታዩም። ኢኪያኖ በ1789 የሕይወቱን ታሪክ በራሱ ስምና በራሱ ብዕር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጕድለት አስቀድሞ ሞልቶት ነበር። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያይ ሰው መጽሐፉንም ቢያነብ፥ ሠዓሊው ያላሳየውን ፊት ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ነገር ግን ገና አልተነገረም። ይህን ሥዕል የሣለው ሰው በ1805፥ ሥዕሉ ከመሠራቱ 35 ዓመት በፊት፥ 100 ፓውንድ አውጥቶ በጃማይካ በባሪያዎች ጕልበት በሚሠራ የከብት እርሻ ላይ አክሲዮን ገዝቶ ነበር። ንግዱ ብዙ ሳይቈይ ከሰረ። መክሰሩ ግን ገንዘቡን ንጹሕ አያደርገውም፤ ቢያተርፍ ኖሮ ትርፉን ሊበላ ነበርና። በእንግሊዝ መንግሥት የባሪያ ንግድ የተከለከለው በ1807 ነው፤ በግዛቶቿ ባርነት እንዲቀር ሕግ የወጣው በ1833 ነው። ስለዚህ ተርነር ያደረገው በዚያን ጊዜ በሕግ የተፈቀደ ነገር ነበር። ግን በሕግ መፈቀዱ መልካም አያሰኘውም፤ በዚያው ዘመን ያንኑ የሚያወግዙ ሰዎች ነበሩና ሰው ሁሉ አላወቀም ማለት አይቻልም።

አንድ ጊዜ ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስናገር፥ ከመካከላቸው አንዱ ብድግ ብሎ፥ እንግዲያው ሥዕሉ ግብዝነት ነው፤ ልናየው አይገባም አለ። ሌላዋ ተማሪ ደግሞ ተነሥታ፥ አይደለም፤ ሥዕሉ ንስሓ ነው፤ ስለዚህ ዕዳው ተከፈለ አለች። ሁለቱም በቅንነት ተናገሩ፤ እኔ ግን ከሁለቱም ጋራ አልስማማም።

ለመጀመሪያው የምመልሰው ይህ ነው። በቆሸሸ እጅ የተጻፈ እውነት እውነትነቱን አያጣም። ሌባ ቤቱ ተቃጠለ ብሎ ቢጮህ፥ ጮኸው ሌባ ነው ብለን እሳቱን እንተወዋለንን? ሥዕሉ የተናገረው ነገር እውነት ነው፤ ተመልካቹንም ይከሳል፤ ከሁሉ በፊትም ሠዓሊውን ራሱን ይከሳል። ልናየው አይገባም ብንል የምንጠቅመው ማንን ነው? ያንን ሰንሰለት እንዳይታይ የሚፈልጉትን ነው።

ለሁለተኛዋ የምመልሰው ደግሞ ይህ ነው። ሥዕል የዕዳ ደረሰኝ አይደለም። በጃማይካ እርሻ ላይ የደከሙት ሰዎች በ1840 ለንደን ላይ ከተሰቀለው ሸራ አንዲት ሳንቲም አልደረሳቸውም፤ አላዩትምም። ንስሓ ማለት በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ተማርሁት፥ በደልን ማወቅ ብቻ ሳይሆን ለተበደለው መመለስ ነው። ሥዕሉ ዕውቀት ሆነ፤ መመለስ ግን አልሆነም። ስለዚህ እውነቱ ይቀራል፤ ዕዳውም ይቀራል። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። የሚከብደውም ይህን ሁለቱን በአንድ እጅ መያዙ ነው።

ስለ ግል ኑሮውም ጥቂት ልበል። ከአባቱ ጋራ የነበረው ፍቅር የሚያስቀና ነው። ሽማግሌው ፀጉር ማስተካከሉን ትቶ እስከ ሞተበት እስከ 1829 ድረስ ከልጁ ጋራ ኖረ፤ ሸራ ይወጥርለት፥ ቫርኒሽ ይቀባለት ነበር። የእናቱ ታሪክ ግን ያሳዝናል። አእምሮዋ ታውኮ በ1800 ቤተልሔም ወደሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች፤ በዚያው በ1804 ሞተች። ያ ራት የሚያበላው ሐኪም ሞንሮ የዚያ ሆስፒታል ሐኪም ነበር። ተርነር ስለ እናቱ መናገር አይወድም ነበር። ሚስት በወግ አላገባም፤ የእርሱ ናቸው የሚባሉት ሁለት ሴቶች ልጆችም በስሙ ጥላ ሥር አላደጉም። በመጨረሻ ዘመኑ ሶፊያ ቡዝ ከምትባል ባል ከሞተባት ሴት ጋራ በቼልሲ ተደብቆ ኖረ፤ ጐረቤቶቹ እርሱን አድሚራል ቡዝ ይሉት ነበር። ወዳጆቹ ቤቱን አያውቁትም ነበር። በታኅሣሥ 1851 በ76 ዓመቱ በዚያው ቤት ሞተ። በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልም በክብር ተቀበረ።

ከኑሮው ወደ ሥራው የተሻገረ አንድ ጕድለትም አለ። ቶሎ የሚደበዝዙ ቀይ ቀለሞችን ለዛሬ ማማራቸው ብቻ ብሎ ይጠቀም ነበር። ቀለም የሚሸጥለት ሰው ሊመክረው ቢሞክር፥ አንተ በራስህ ሥራ ላይ ተወሰን አለው ይባላል። ሥዕሎቹ የተሰቀሉበት የራሱ አዳራሽም ጣራው ያፈስስ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በአንዳንዱ ሥዕል ላይ የምናየው ሰማይ እርሱ የቀባው ሰማይ አይደለም። ብርሃንን ከማንም በላይ የወደደ ሰው፥ ብርሃኑ ለልጅ ልጆች እንዲቈይ አልተጨነቀም። ሥራችሁ ከእናንተ በኋላ እንዲኖር ከፈለጋችሁ፥ ለሚታየው ብቻ ሳይሆን ለማይታየው መሠረትም ተጨነቁ።

ስስታም ይባል የነበረው ይህ ሰው ሀብቱን ለምን ሰበሰበ? ኑዛዜው ሲከፈት ታወቀ። ከ100,000 ፓውንድ በላይ ከሆነው ንብረቱ አብዛኛው ለተቸገሩ ሠዓሊዎች መጠለያ ቤት እንዲሠራበት፥ ያለቁት ሥዕሎቹም ለሕዝብ እንዲሆኑ አዝዞ ነበር። ኑዛዜው ግን በተርታ ያልተጻፈና የተደራረበ ስለ ነበር፥ ዘመዶቹ ተከራከሩ። በ1856 ክርክሩ ሲያልቅ ገንዘቡ አብዛኛው ለዘመዶቹ ደረሰ፤ መጠለያው ሳይሠራ ቀረ። ለሕዝብ ግን 300 ያህል የዘይት ቀለም ሥዕልና 30,000 ያህል ንድፍና የውሃ ቀለም ሥዕል ተረፈ። በ1987 በለንደን ቴት ሙዚየም ለእነርሱ የተለየ ክፍል ተከፈተላቸው። የልቡ ቸርነት በእጁ ዝርክርክነት ተበላሸ። መልካም ማሰብ ብቻ በቂ አለመሆኑን ከዚህ ተማሩ፤ መልካም ሐሳብ በደንብ ካልተጻፈና በጊዜው ካልተፈጸመ ለችግረኛው ጣራ አይሆነውም።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? ለእኔ ተርነር ከባሕር ሠዓሊዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ መርከቡን በባሕር ላይ ሣሉ፤ እርሱ ባሕሩን ራሱን፥ ነፋሱን፥ በውሃና በሰማይ መካከል ያለውን ብርሃን ሣለ። ይህን ምስጋና አልቀንስበትም። ያን 100 ፓውንድም ከመዝገቡ አልፍቅለትም። የሥራው ዋጋ በሥራው ይመዘን፤ የሰውየው ዕዳ በዕዳ መዝገብ ይጻፍ፤ አንዱን መዝገብ በሌላው ላይ ማጣፋት ግን የፍርድ መጓደል ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህ ለተርነር ብቻ አይደለም። ነገ እናንተ ታላላቅ ሰዎች በምትሏቸው ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ትሰማላችሁ። ያን ጊዜ ለመሸፈንም ለመጣልም አትቸኵሉ። ሥራውን ቀርባችሁ እዩ፤ ከዚያ ዕዳውን ጠይቁ፤ ዕዳውም ለማን እንደሚከፈል ጠይቁ። በራሳችሁም ላይ ይህንኑ አድርጉ። ሰው መልካም ነገር በሠራ ቀን፥ ያለፈው በደሉ በዚያው የታጠበ ይመስለዋል። አልታጠበም። መልካሙ ሥራ በደሉን የሚያሳይ መብራት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የበደለውን ሰው ቤት አንኳኵቶ የሚመልሰው መብራቱ ሳይሆን ባለ መብራቱ ነው።